ቤት ነኝ የሚለው ሳጥን

«እንዴት አደርሽ? ልጆቹስ ደህና ናቸው?» አለ ሳጥኑ፣ በአቶ ይመር ድምፅ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናቸው» አለች ዘምዘም ጥርሷን ነክሳ። ሰላምታውን ሳይጨርስ ወደ ጉዳይ አይገባም። «አሁን የት ነዎት?»

«የት እሆናለሁ? ቤቴ ነኝ።»

«የለም!» ጮኸች ሐዋ፣ ከባሏ ጋር አባቷ ቤት የምትኖረው የአቶ ይመር ልጅ። «አልጋ ሥር ሳይቀር አይቻለሁ! አንቺስ ምን ዓይነት ጠጋኝ ነሽ? ፊት ለፊትሽ ሲዋሽ ዝም ትይዋለሽ?»

«በጥፊ ልበለው?» አለች ዘምዘም። ትዕግሥቷ አልቋል።

ሳጥኑ «ወኪል» ይባላል፤ በጥላ ከተማ የሌለበት ቤት የለም። እዚህ የማንም ስልክ ያለበትን ቦታ በቀጥታ አይናገርም። የሚደወለውም፣ «የት ነህ?» ተብሎ የሚጠየቀውም፣ መጀመሪያ ቤት ወዳለው ወኪል ይሄዳል። ወኪሉ ወይ ያስተላልፋል፣ ወይ በስልኩ ባለቤት ድምፅ ራሱ ይመልሳል። ነዝናዛ ዘመዱን በዚህ ዘዴ ዓመት ሙሉ ያነጋገረ ሰው አለ። ዘምዘም የሚለፈልፍ ወኪል ጠግናለች፣ የሚያኮርፍም ጠግናለች፤ እንዲህ ሽምጥጥ አድርጎ የሚክድ ግን ገጥሟት አያውቅም።

ሐዋ የተጣደፈችው ወዳ አይደለም። ከተማዋን ከሸፈነው ግዙፍ ጣሪያ ውጭ፣ የቀትር ፀሐይ ሽማግሌ ቀርቶ ጎረምሳ ይገድላል። አባቷ ደግሞ ጠዋት በስልክ ሲነጋገሩ ቆይተው፣ ቃል ሳይተነፍሱ ከዘራቸውን ይዘው እንደወጡ ቀርተዋል።

«ባልሽ አያግዝሽም?»

«እንድሪስ ጨው ማምረቻው ነው። ስደውል ‹ሥራ ላይ ነኝ፣ ማታ እንነጋገር› ይለኛል። ጎረቤቶቹም ሁሉም ‹ቤት ነኝ› ነው የሚሉት፤ ሄጄ ሳንኳኳ የሚከፍት የለም። ሰፈሩ እንዳለ አብዷል!»

ዘምዘም ክዳኑን ፈታች። የተቃጠለ ነገር የለም፤ ይኼ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት። የተበላሸ ዕቃ ይጠገናል፤ ደህና ሆኖ የሚዋሽ ምን ይደረጋል? ማዳመጫዋን ጆሮዋ ውስጥ አድርጋ የታገዱትን ጥሪዎች ከፈተች። ሁሉም ለሐዋ የተደወሉ ናቸው። አንዱም አልደረሳትም።

የመጀመሪያው የወንድ ድምፅ ነበር። «የእንድሪስ ባለቤት ነሽ? ከጨው ማምረቻው ነው። ጠዋት ማሽኑ ተገለበጠና… አልተረፈም፣ እህቴ።»

ዘምዘም ሌላውን ጥሪ አልከፈተችም።

ከጥሪዎቹ ጋር የተያያዘ ትእዛዝ ነበር፤ «በስልክ አይነገርም» ይላል። ያስገባው የሰፈሩ ቅሬ፣ ሙት የሚቀብረውና ሐዘንተኛ የሚያጽናናው ማኅበር ነው። ወኪሎቹ ሲተከሉ የቅሬው ሰዎች በሁሉም ነገር ሲጨቃጨቁ ውለው በአንዱ ብቻ ተስማሙ፤ የሚደግፍ ሰው ሳይኖር መርዶ አይሰማም። ሳጥኑም ቃላቸውን ጠብቋል። ጥሪውን አግዷል፣ ሽማግሌዎቹ የተሰበሰቡበትን ቦታ ደብቋል፣ በሞተ ሰው ድምፅ ሳይቀር መልሷል።

ከሳጥኑ ማኅደር የአቶ ይመርን እውነተኛ ቦታ አወጣች። ከጣሪያው ሥር ናቸው፣ ከመስጊዱ ጓሮ። የጎረቤቶቹ ስልኮች በሙሉ ከሳቸው ጋር ናቸው። እያየቻቸው ተንቀሳቀሱ፤ ወደዚህ ቤት።

«ምን አገኘሽ?» አለች ሐዋ።

ዘምዘም ማዳመጫውን አወጣች። ስትሰድበው የዋለችው ሳጥን የማንንም ድምፅ ማስመሰል ይችላል። የጎደለው ክንድ ነው። ያንን የሚያውቅ ይመስል፣ ክንድ ያላቸው እስኪደርሱ ሲዋሽ ቆይቷል።

«አባትሽ ደህና ናቸው። ጥላ ውስጥ ናቸው፣ እየመጡ ነው።»

«ኡፍ! እንዲያው ምን ባደርገው ይሻላል፣ ይኼን ሽማግሌ!» ሐዋ እየሳቀች ወደ ስልኳ ዞረች። «ለእንድሪስ ልንገረው፤ ማታ መሳቂያ ያደርገኛል።»

ዘምዘም ተሻግራ አጠገቧ ተቀመጠችና፣ ስልኩን ልታነሣ የዘረጋችውን እጅ በሁለት እጇ ያዘች።

ሐዋ መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥሎ የጠጋኟን ፊት አየች።

«እህቴ፣ ሳጥኑ ምን ነገረሽ? እጄን ለምን ያዝሽው?»

ደጁ ላይ የብዙ ሰው ኮቴ ተሰማ። ዘምዘም አልለቀቀችም።