የተተከለችው ምልክት

ዮሪንደና ቲልማን የተግባቡት በአንዲት የቁልፍ ሳህን ምክንያት ነው። በጀርመኗ ማይንዝ ከተማ፣ በሚሠሩበት ቤተ ሙከራ ወደ ትልቁ ማግኔት የሚገባ ሁሉ ብረቱን በር ላይ ያራግፋል፤ እሷ የብስክሌቷን ቁልፍ፣ እሱ የቤቱን። አንድ ቀን ሲወጡ ቁልፎቹ ተቆላልፈው ተገኙ።

«እነዚህስ ቀደሙን» አለ ቲልማን።

ጆሮዋ ቀላ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱም ሳህኑ ዘንድ መዘግየት አበዙ፤ ቁልፍ ማንሣት ያን ያህል ጊዜ አይፈጅም ነበር።

ሥራቸው ማንም አይቶት የማያውቀውን ማደን ነው። አክሲዮን ይሉታል፤ ባንክ የሚሸጠው ሳይሆን፣ ሕዋን ሞልቶ ብርሃን የማይሰጥ ረቂቅ ነገር። በማግኔቱ ውስጥ የአቶም እምብርቶች እንደ እንዝርት ይሾራሉ። አክሲዮን በእነሱው ምት ቢነካካቸው ዘንበል ይላሉ፣ ኮምፒውተሩ በሚስለው መስመር ላይም ትንሽ ጫፍ ብቅ ትላለች፤ ምልክቷ እሷ ናት። ምቱን ግን ማን ያውቃል? ስለዚህ የማግኔቱን ኃይል ጥቂት በጥቂት እየቀየሩ፣ የሬዲዮ ጣቢያ እንደጠፋበት ሰው፣ ዓመቱን ሙሉ ጸጥታ ያዳምጣሉ።

ሰው የተመኘውን ያያልና አንድ ልማድ አላቸው። ከመካከላቸው አንዱ በድብቅ የውሸት ምልክት ይተክላል፤ ፈላጊዎቹ አግኝተው፣ መርምረው ሲጨርሱ በስብሰባ ይገለጣል። ከዚያ በፊት የተነፈሰ የሁሉንም ልፋት ገደል ይከታል። በዚያ ዓመት ፍራው ሃገዶርን የሚባሉት ኃላፊ ዮሪንደን ጠሯት።

«አንቺ ትተክያለሽ። ለትራስሽም ቢሆን እንዳትነግሪ።»

ተከለች። ያገኘው ደግሞ ቲልማን ሆነ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ገበያው መሀል፣ በአንድ እጁ የወይን ብርጭቆ በሌላው ቋሊማ ይዞ እየሳቀ መጣ።

«ዮሪ! ጫፏ ደግማ ታየች! እጄ እስካሁን ይንቀጠቀጣል፣ እዪው!»

«ወይኑ ነው» አለችው።

«ሃምቡርጎችን እምቢ ልላቸው ነው።»

ሩቅ ሃምቡርግ ከተማ ያለ ተቋም ቋሚ ሥራ አቅርቦለታል፤ በየዓመቱ ውል ሲያድስ ለኖረ ሰው ሁለቴ የማይገኝ ዕድል። መልሱ ሰኞ ይጠበቃል፤ ስብሰባው ገና ከዚያ በኋላ ነው።

«ለዚህች ምልክት ብለህ?»

«ለምልክቷም…» ዓይኑን ወደ ብርጭቆው ጣለ። «ለሌላም። አንዴ አትሂድ በዪኝና እቀራለሁ።»

ይህችን ቃል ስንት ጊዜ ጠብቃታለች! አሁን ስትመጣ ግን እንደ ወጥመድ ያዘቻት። እውነቱን ብትነግረው ቃሏን ታፈርሳለች። ዝም ብትል በውሸት ጫፍ ዕድሉን ይጥላል፣ ተጠቃሚዋም ራሷ ናት። እንዲሁ በደፈናው ሂድ ብትለው ደግሞ ጫፏ የውሸት መሆኗ ይገባዋል። ሰዉ ይንጫጫል፤ አይብ ሻጯ «እናንተ፣ መንገድ ልቀቁ እንጂ!» ትላለች። ዮሪንደ ወደ ዳር ፈቀቅ አለች። አንድ ቀዳዳ ብቻ ቀርቷታል።

«ሂድ» አለችው። «ለእኔ ብለህማ እንዳትቀር። እኔ… እንደዚያ አላይህም።»

ቲልማን ቋሊማውን ለሰው ውሻ ወርውሮ ሄደ። ከሰኞ ጀምሮም ቁልፉን ከእሷ ቁልፍ አርቆ፣ ሳህኑ ጠርዝ ላይ ያኖር ጀመር።

በስብሰባው ቀን ፍራው ሃገዶርን ተነሡ።

«እኛው የተከልናት ናት። ቲልማን፣ አደን ማወቅህን አስመስክረሃል።»

ሰዉ እንደ አገሩ ልማድ፣ በማጨብጨብ ፈንታ ጠረጴዛውን አንኳኳ። ቲልማን አመድ መስሎ «ማን ተከላት?» አለ።

ዮሪንደ እጇን አነሣች። ቲልማን አያትና ተነሣ። ከዚያ ወጣ።

ስትከተለው ሳህኑ ላይ ቁልፏ የለም። ውጭ፣ ብስክሌቷ አጠገብ ቆሞ በጣቱ ያሽከረክረዋል።

«ቁልፍሽ ታግቷል» አለ። «እውነቱን ካልነገርሽኝ አይለቀቅም።»

«አሁን ተፈቅዶልኛል።» እንባዋ ቀደማት። «ስለ ጫፏ ዝም ነው ያልኩት። ስለ አንተ ግን ዋሸሁ።»

«ሃምቡርግ ፈርሜያለሁ እኮ፣ አንቺ ጅል!»

«እንድትፈርም ነዋ የዋሸሁት፣ አንተ ጅል!»



«ዓርብ ዓርብ በባቡር እመጣለሁ» አለ።

«ባቡሩ ያረፍዳል።»

«ያርፍድ። ትጠብቂያለሽ?»

«ዓመት ሙሉ ጸጥታ እያዳመጥኩ ስጠብቅ ኖሬ የለ?»

ቁልፉን ዘረጋላት። ቁልፉን ትታ እጁን ያዘች። በራይን ወንዝ ዳር በእግራቸው ሄዱ፤ ምስኪኗ ብስክሌት እንደታሰረች አደረች።