ያልተሰበሩት ዘንጎች

«የድንጋይ ሽበቱን ለማየት ከሆነ ዛሬ ጎብኚ አንቀበልም» አለ በሩን የከፈተው ረዳት።

«የመጣሁት ሬሳውን ለማየት ነው» አለች መርማሪዋ።

ረዳቱ ደንግጦ አሳለፋት። ኮሪደሩ ላይ የተዘጋጀ ሻንጣ ቆሟል።

አዛውንቱ የዕፅዋት መምህር ከጓሮው ደረጃ ግርጌ ተዘርግተዋል። ደረጃውን አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት ሸፍኖታል፤ ከላዩ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ዘንጎች ቆመው በየጫፋቸው የዘር ከረጢት ይዘዋል።

«አንሸራቶት ነው» አለ ምርኩዝ የያዘው ወንድማቸው። «አደጋ ነው ብለሽ ጨርሺልን፣ ልጄ። የሱ ልጅ ዛሬ ባቡር አላት፤ ሌላ ከተማ ሥራ አግኝታ ልትሄድ ነው።»

የሟቹ ልጅ ከአጎቷ ጀርባ ቆማለች። እናቷ ከሞተች ጀምሮ እዚህ ቤት ከአባቷ ጋር ብቻዋን ኖራለች።

መርማሪዋ ተንበርክካ የሟቹን ጫማ አየች። ሶሉ ውስጥ የተሰነቀረው ሽበት ዘንግ የለውም፤ ጫፉ እንደ ትንሽ ጽዋ ተከፍቷል።

«ይሄስ?»

«ወንዱ ነው» አለ ረዳቱ። «ዘሩ በውሃ ዋኝቶ ሴቷ ጋ ይደርሳል። ዘንግ የምታወጣው እሷ ናት፣ ከተገናኙ በኋላ። ወንዱ ያለው ጓሮው ውስጥ፣ ተክል በሚያድግበት መስታወት ቤት ብቻ ነው፤ ዘሩ ያለበትን ውሃ ጋሼ በጣሳ እያመጡ ደረጃው ላይ ያፈሱታል።»

«ሽበት ያጋባል!» አለ ወንድማቸው። «ልጁን ግን ደህና አደርሽ አይላትም።»

መርማሪዋ ሦስቱንም መስታወት ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ደረጃው ላይ ተንሸራተው ቢሆን ዘንጎቹ ይሰበሩ ነበር፤ አንድም አልተሰበረም። ጫማቸው የረገጠው እዚህ ያለውን ወንዱን ነው። ስለዚህ የሞቱት እዚህ ነው፤ ደረጃው ጋ ያደረሳቸው ሌላ ሰው ነው። እርስዎ በምርኩዝ ሬሳ አያነሱም። ረዳቱ ቢሆን ወንዱን ከሴቷ ስለሚለይ መጀመሪያ ጫማቸውን ይጠርግ ነበር። የቀረው ሽበት ሁሉ አንድ የሚመስለው ሰው ነው።»

ልጅቷ ቀና አላለችም።

«ልሄድ ነው አልኩት። ዞር አላለም፤ ውሃ ያጠጣል። ክንዱን ይዤ ሳብኩት። ሲገፈትረኝ መልሼ ገፋሁት። ሽበቱ የሚያድግበትን ሳጥን ረግጦ ወደቀ፣ ጭንቅላቱ ከመደርደሪያው ብረት ጋር ተጋጨ። በአፈር ጋሪው አወጣሁት።»

«ምነው ብትጠሪን!» አለ አጎቷ።

«ማን ይሰማኛል ብዬ?» ሳጥኑን በጣቷ ነካችው። «ይህን ሁሉ ዘመን አብሬው ስኖር፣ ሽበቱ ወንድና ሴት እንዳለው እንኳ አልነገረኝም።»

መርማሪዋ የልጅቷን ሻንጣ ያዘችላትና አብረው ወጡ። ባቡሩ ልጅቷን ሳይዝ በሰዓቱ ሄደ። ረዳቱ ሳጥኖቹን ውሃ አጠጣ።