ጠማማውና የለስላሳው ሳጥን

ቶሪቢዮን የሰደበው ፊደንሲዮ ነው። ቀኑ ሰኞ፣ ሰዓቱ ከትምህርት ቤት እንደተለቀቁ፣ ቦታው የዶኛ ኤዱቪሄስ ሱቅ በር ላይ። ሰባት ልጆች ሰምተዋል፤ ቶሪቢዮ ሰባቱንም በስም ሊጠራቸው ይችላል። የሳቁትን አምስቱን ደግሞ ለብቻ። እንዲህ ያለውን ነገር ማንም ደብተር ላይ አይጽፈውም፤ ግን አይጠፋም።

«አባትህ በጥፊ ተመትቶ ይቅርታ የጠየቀ ሰው ነው» ነበር ያለው።

ውሸት ቢሆን ኖሮ ምን ነበረበት! እሁድ የጋዝ ሰልፍ ላይ የፊደንሲዮ አጎት ከፊታቸው ሊገባ ሲል የቶሪቢዮ አባት ሊዮካዲዮ «ወንድሜ፣ ተራ አለ እኮ» አለው። አጎትየው በጥፊ አጮለው። ሊዮካዲዮ፣ ያ በር የሚሞላ ሰውዬ፣ የወደቀ ኮፍያውን አነሣ፤ ጉልበቱ ላይ መታ መታ አድርጎ አራገፈው፤ «ይቅርታ» ብሎ ወደ ሰልፉ ጭራ ሄደ። ቶሪቢዮ አጠገቡ ቆሞ ነበር። ለምን? ሳምንቱን ሙሉ ቢያስበው አልገባው አለ።

በጎሜዝ ፓላሲዮ ከተማ የነጻ ትግልን ሕግ የማያውቅ ልጅ የለም። ሁለት ጭምብል ለባሾች በጭምብላቸው ከተወራረዱ፣ የተሸነፈው መድረኩ መሀል ቆሞ ጭምብሉን ያወልቃል፤ እናት አባቱ ያወጡለትን ስም ለሕዝቡ ይናገራል። ከዚያ በኋላ ያ ጭምብል ጨርቅ ነው፤ ሰውየውም በዚያ ስም እንጀራ አይበላም። ልጆቹም ይህንኑ ወደ ሱቁ አመጡት። ቅዳሜ ቀትር ላይ ሱቁ ውስጥ ባለው የትግል ጨዋታ ማሽን ይጋጠማሉ፤ የተሸነፈ የለስላሳ ሳጥን ላይ ወጥቶ የታዘዘውን ይናገራል።

«አንተ ‹እኔ የፈሪው የሊዮካዲዮ ልጅ ነኝ› ትላለህ» አለ ፊደንሲዮ። «ጮክ ብለህ። ዶኛ ጓዳ ሆና እስክትሰማህ።»

ጨዋታውን የሠሩት ከቴክኒክ ትምህርት ቤት የወጡ ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። የከተማውን አዳራሽ ተፋላሚዎች በካሜራ እየቀረጹ አንድ በአንድ አስገቧቸው። ጠማማው የገባው በዚያው ሳምንት ነው። ወይን ጠጅ ጭምብል ያጠልቃል፤ ዳኛው ዞር ሲል ዓይን ይወጋል፣ ከወገብ በታች ይመታል፣ የሰው ጭምብል ይገፍፋል። ዳኛው ካየው ግን ወዲያው ተሸናፊ ነው። ቅዳሜ ማታ አዳራሹ ውስጥ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ እናቱን ይሰድቡለታል ይባላል። ቶሪቢዮ አላየውም፤ አባቱ አዳራሹን እንዳይረግጥ ከልክሎታል። ቢሆንም ቅዳሜ ማሽኑ ፊት ሲቆሙ እሱን መረጠ።

«እዩት፣ ጠማማ ጠማማን መረጠ!» አለ ፊደንሲዮ።

«ዝም ብለህ ተጫወት፣ ፋራ።»

«ማሽኔን የሚደበድብ የራሱን ጭንቅላት ይደብድብ!» አሉ ዶኛ ኤዱቪሄስ ከጓዳ።

የመጀመሪያውን ዙር ቶሪቢዮ በላ። በሁለተኛው ተሸነፈ። በሦስተኛው የጠማማው የኃይል መለኪያ ጢም ብሎ ሞላ። ጠማማው ያኔ ቶሪቢዮ አይቶት የማያውቀውን ነገር አደረገ። ግራ ትከሻውን ከፍ አድርጎ ጆሮውን አሸት አሸት አደረገ፤ ከዚያ ሁለት ጣቶቹን እፍ አለባቸው።

ቶሪቢዮ ቁልፎቹን መጫን ተወ።

ሊዮካዲዮ የጋዝ ሲሊንደር ከማንሣቱ በፊት እንዲሁ ያደርጋል። በግራ ትከሻው ጆሮውን ያሻል፣ ሁለት ጣቱን እፍ ይላል። እናቱ «አሁን ደግሞ ጣትህን ልታበርድ ነው?» እያለች ትስቅበታለች። ቅዳሜ ቅዳሜ «ቶሬዮን ከተማ የብየዳ ሥራ አለኝ» ብሎ ይወጣል፤ እሁድ ጠዋት እያነከሰ ይነሣል። ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ቁልፍ ያለው ቦርሳ አለ። እናቱ የምትሰፋው ወይን ጠጅ ጨርቅ፣ ለቤተ ክርስቲያን ነው ያለችው...

እሱ ከሆነ፣ በጥፊ ሲመቱት ለምን ዝም አለ? ያ ጣት ዓይን የሚወጋ ከሆነ፣ እሁድ ለት የት ነበር? ወይስ ጆሮውን በትከሻው የሚያሽ ሰው ሁሉ...

«ምነው ደነዘዝክ?» አለ ፊደንሲዮ፤ በማሽኑ ውስጥ ጠማማውን መታው።

ቶሪቢዮ ደንግጦ ቁልፉን ተጫነ። ጠማማው የፊደንሲዮን ተፋላሚ ጭምብል ከነማሰሪያው ገሸለጠው። ዳኛው ግን ፊቱን መልሶ ነበር፤ ፊት ለፊት አየው። ደወሉ ጮኸ።

«ዳኛ እያየ!» ፊደንሲዮ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «እንዲህ ያለ ደደብ አይቼ አላውቅም! ሳጥኑን አምጡ!»

ሳጥኑን ገልብጠው አመጡለት። ቶሪቢዮ ወጣበት። ሰባቱም አሉ፤ የሳቁት አምስቱ ከፊት። እንዲል የታዘዘው ቃል አንደበቱ ላይ አልመጣ አለ። የመጣው ሌላ ነው። የጠማማውን ስም ያውቃል። ሁለት ቃል ቢናገር የፊደንሲዮ ሳቅ ጉሮሮው ላይ ይቀራል፤ አጎቱም ማንን በጥፊ እንደመታ ሰምቶ ለሳምንት እንቅልፍ ያጣል። እስከ ማታ ከተማው ይሰማዋል። ዛሬ ማታ ደግሞ ጠማማው መድረክ ላይ ይወጣል።

«እኮ! ተናገራ!»

አፉን ከፈተ። የአባቱን ጣቶች አሰበ፤ ከዚያ ኮፍያው ከመሬት ሲነሣ። አሁንም ሁለቱ አልገጠሙለትም። አፉን ዘጋ።

«ቃል አፍራሽ! ልክ እንደ አባቱ!» ፊደንሲዮ በመዳፉ የቶሪቢዮን ቆብ ከራሱ ላይ አወረደው። «አባትህ እኮ ጠማማው አንድ ጊዜ ቢያፈጥበት ሱሪው ላይ ነው የሚለቀው!»

አምስቱ ሳቁ። አንዱ እንደ አዳራሹ ሕዝብ «ውጣ! ውጣ!» ማለት ጀመረ፤ ሌሎቹም ተቀበሉት።

ቶሪቢዮ ከሳጥኑ ወረደ። ቆቡን አነሣ፤ ጉልበቱ ላይ መታ መታ አድርጎ አራገፈው፤ አጠለቀው። ከዚያ በመሀላቸው አልፎ ወደ ፀሐዩ ወጣ።