የፕሮፌሰሩ ብልቃጥ

ፕሮፌሰሩ የሞቱት ከራሳቸው ፎቶግራፍ ሥር ነው። ፎቶግራፉ ከወለል እስከ ጣሪያ ይደርሳል፤ በላዩም «ተፈጥሮ አትዋሽም» ተብሎ በአረንጓዴ ተጽፎበታል። ከሥሩ ወንበር ላይ ተዘርጥጠው፣ ክራቫታቸው ትከሻቸው ላይ ወጥቶ፣ አፋቸው ተከፍቶ የተገኙት ሰው ግን ግድግዳው ላይ የሚስቁትን ፕሮፌሰር በሩቁም የሚያውቋቸው አይመስሉም ነበር።

መርማሪዋ በሩ ላይ ቆማ ክፍሉን በዓይኗ ዞረችው። ሃምሳ ሊሞላት ነው። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ አንድም ስለቀጠነች፣ አንድም ስለምትወጋ። ጉንፋን ይዟት መሐረብ ከእጇ አይለይም። በሃያ ሦስት ዓመት ሥራ ስንት ሬሳ አይታለችና አስከሬኑ አላስደነገጣትም፤ የጎመዘዛት ግድግዳው ነው። አሥራ አንድ የምስክር ወረቀት በመስታወት ተሰቅሏል። ቀርባ ስታነብ አራቱ ስብሰባ ላይ ስለተገኙ ብቻ የተሰጡ ናቸው።

ጠረጴዛው ላይ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ፣ ውስጡ የማይታይ ነጭ የፕላስቲክ ብልቃጥና አንድ ቅጽ ነበር። ቅጹ ከወሩ አንደኛ ቀን እስከ አሥራ ዘጠነኛው፣ ማለትም እስከዚያው ሐሙስ ድረስ፣ «ሁለት ፍሬ ወስጃለሁ» በሚለው ትይዩ በፕሮፌሰሩ እጅ ምልክት ተደርጎበታል። አንድም ቀን አልተዘለለም።

ቤቱ የጥናት ማዕከል ነው። አንድ መራራ ሥር የመገጣጠሚያ ሕመም ያሽል እንደሆነ ሁለት መቶ ሕመምተኞች ላይ ይጠናል። ግማሾቹ ሥሩን፣ ግማሾቹ የበቆሎ ዱቄት በካፕሱል ይወስዳሉ፤ ማን የቱን እንደሚወስድ ጥናቱ እስኪያልቅ ለማንም አይነገርም። እንዲህ ያለው ጥናት ትዕግሥት ይጠይቃል። ፕሮፌሰሩ ግን ውጤቱን ሳይጠብቁ ሁለት ዓመት ሙሉ በቴሌቪዥን «ይፈውሳል» ሲሉ ኖረዋል፤ ለማስረጃም «እኔ ራሴ ሳልወስደው የዋልኩበት ቀን የለም» ይላሉ። ያን ዕለት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይም ካሜራ ፊት ቆመው፣ የሥሩ ባለቤት የሆኑት አሮጊት መድኃኒት አዋቂ ከብልቃጡ ሁለት ፍሬ አውጥተው ሲሰጧቸው ዋጡ። ሰባት ሰዓት ላይ ሞተው ተገኙ።

በማግስቱ ከላቦራቶሪ ወረቀት መጣ። ብልቃጡ ውስጥ ሃያ ሁለት ካፕሱል ቀርቷል፤ ሁሉም የተሞሉት በሥሩ ሳይሆን ተፈጭቶ በገባ ኃይለኛ የልብ መድኃኒት ነው። በሟች ሆድ የተገኘውም ይኸው ነው።

«ሴትዮዋ ናት» አለ አለቃዋ። «ቪዲዮው ላይ እጇ ይታያል። አውጥታ ሰጠችው፣ ዋጠ፣ ሞተ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ክሱን ጻፊና እንገላገል።»

«ሰው የምትገድል ሴት ካሜራ ፊት መርዝ ትሰጣለች?»

«አልተማረችማ።»

«የተማሩትንም አይቻቸዋለሁ» አለች መርማሪዋ አፍንጫዋን እየጠረገች። «ለማንኛውም የፍሬዎቹን ቁጥር ለማንም አይንገሩብኝ።»

ከዚያ አሮጊቷ ከትናንት ጀምሮ ወደታሰሩበት የፖሊስ ጣቢያው ማረፊያ ክፍል ወረደች። በማዕከሉ ሁሉም «እማማ» የሚሏቸው መድኃኒት አዋቂ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። አግዳሚው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ ጣቶቻቸው ሥር ሲቀጠቅጡ ኖረው ጠቁረዋል። መርማሪዋ አፏን ሳትከፍት ጠየቋት።

«ጉንፋኑ ከያዘሽ ስንት ቀን ሆነሽ ልጄ?»

«ዘጠኝ።»

«እንቅልፍስ ትተኛለሽ?»

መርማሪዋ እንቅልፏን የጠየቃት ሰው መቼ እንደነበረ ለማስታወስ ሞክራ አቃታት። «እማማ፣ እኔ ነኝ ጠያቂዋ» አለች፤ ድምፅዋ ግን ለስልሶ ነበር። «ብልቃጡን ሲያነሱ ምን አስተዋሉ?»

«ቀለለኝ። ባለፈው ሳምንት እንግዶች ሲመጡም አውጥቼ የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ያኔ እስከ አፉ ሙሉ ነበር። ትናንት ሲቀለኝ ደስ አለኝ። ሰውዬው ልብ ገዝቶ መዋጥ ጀመረ አልኩ።»

«ከዚያ በፊት አይውጡም ነበር?»

«ሰው ፊት ብቻ። ሲውጥ ፊቱን አላየሽም? መርፌ እንደሚወጉት ሕፃን ነው። በየቀኑ የሚውጥ ሰው ይለምደዋል።» ወደ መርማሪዋ ጠጋ አሉ። «ልጄ፣ በዚህ ዕድሜዬ እስር ቤት ከገባሁ አልወጣም። የሆነውን ንገሪኝ፤ አትደብቂኝ።»

«እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካላገኘሁት ይከሰሳሉ» አለች መርማሪዋ። እውነቱን በመናገሯ እማማ አመሰገኗት፤ እሷ ግን አፈረች።

በማዕከሉ የእንግዳ ክፍል የሟች ባለቤት ጥቁር ለብሰው፣ የማን መሥሪያ ቤት አበባ እንደላከ የማን እንዳልላከ እየለዩ ነበር።

«ለጉንፋኑ ዝንጅብል በማር ይውሰዱ» አሉ መርማሪዋን ቀና ብለው ሳያዩ።

«ባለቤትዎ ሥሩን ይወስዱ ነበር?»

ሐዘን ላይ መሆናቸውን ረስተው ፈገግ አሉ። «እሱ? ሐኪም ያዘዘለትን የልብ መድኃኒት መጋረጃ ዘግቶ ነበር የሚውጠው፣ ጎረቤት እንዳያይበት። ሥሩንማ ካሜራ ከሌለ አያሸተውም።»

«ብልቃጡ ውስጥ ስንት ፍሬ የቀረ ይመስልዎታል?»

«ምን ነክቶት ይጎድላል ብለው ነው? ሲሰጡት እንደነበረ ነዋ።»

«ከማን ጋር ተጣልተው ነበር?»

«ጠብ እንኳን አይባልም፤ የስም ነገር ነው። ጥናቱ ሊያልቅ ነው፤ ጽሑፉም ይወጣል። አንደኛ የሱ ስም፣ ሁለተኛ የምክትሉ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ያቺን ሴት ሁለተኛ አድርጎ ምክትሉን ወደ ሦስተኛ አወረደው። አክብሯት እንዳይመስልዎ፤ የባለ ዕውቀት አሮጊት ስም ሲያዩ ውጭ አገር ያሉት ደስ ይላቸዋል ብሎ ነው።»

የማዕከሉን ፋርማሲስት በብረት ፍርግርግ በተዘጋው የመድኃኒት ክፍል አገኘችው። ካፕሱል መሙያው መሣሪያ እዚያው ነው። ሳትጠይቀው ሁለት ዓይነት የጉንፋን ኪኒን አቀረበላት።

«የልብ መድኃኒት እዚህ አለ?»

«ለፕሮፌሰሩ ስል በስውር አስቀምጣለሁ።» ላቡን ጠረገ። «ቁልፉ ያለው እኔና ምክትሉ ጋ ብቻ ነው።»

«ፕሮፌሰሩ ካፕሱላቸውን ይወስዱ ነበር?»

«በየወሩ መጀመሪያ ስልሳ ፍሬ እሰጣቸዋለሁ፤ በወሩ መጨረሻ ሃምሳው ይመለስልኛል። በዚህ ወር እንግዳ የመጣው ሦስት ቀን ነው፤ ከትናንቱ ጋር አራት። ስለዚህ ብልቃጡ ሙሉ ነው ማለት ይቻላል።»

«ይህን እያወቁ ዝም አሉ?»

«ልጆች አሉኝ» አለ ፋርማሲስቱ። መርማሪዋ ይህን መልስ ከስንት ሌባና ከስንት ፈሪ እንደሰማችው ቤት ይቁጠረው።

«ለምክትሉስ አልነገሩትም?»

«እሱ የሚያምነው ወረቀት ነው። ሰው ሲነግረው ‹የት ተጽፏል?› ይላል።» ከኋላው ወደተቆለፈ ትልቅ ቁም ሣጥን አመለከተ። «ደንቡን ያወጣውም እሱ ነው። ለጥናት የዋለ ብልቃጥ ባዶም ቢሆን አይጣልም፤ ከቤቱም አይወጣም። እዚህ ውስጥ ከሺህ በላይ ተከማችቷል። የዚህም ቁልፍ ያለው ሁለታችን ጋ ነው።»

የምክትሉ ክፍል እንደ ቀዶ ጥገና ክፍል የጸዳ ነው። ማህደሮቹ በቀለም ተለይተዋል፤ እርሳሶቹ በቁመት ተደርድረዋል። አርባ ዓመት አካባቢ የሆነ፣ ለመሳቅም ፈቃድ የሚጠይቅ የሚመስል ሰው ነው።

«ስለ ጉንፋን የወጣ አንድ ጥናት ልልክልዎ እችላለሁ» አለ።

«ምን ይላል?»

«ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል ይላል።»

መርማሪዋ አመሰገነችው። «ፕሮፌሰሩ ካፕሱላቸውን በትክክል ይወስዱ ነበር?»

«ያለ ምንም ጉድለት። ቅጹን በየሳምንቱ ወደ ኮምፒውተር የማስገባው እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ብልቃጡ ውስጥ ስንት ይቀራል?»

«ሃያ ሁለት» አለ፤ ለማሰብ እንኳ አልቆየም። «ስልሳ ነበር፣ በቀን ሁለት፣ በአሥራ ዘጠኝ ቀን ሠላሳ ስምንት።» የክፍሉ ጎበዝ ተማሪ መሆኑን አስተማሪው እንዲያውቅለት የሚፈልግ ልጅ ይመስል ነበር።

መርማሪዋ ፊቷ እንዳይታይ መሐረቧን አፍንጫዋ ላይ አደረገች። በእርግጥ ሊያስነጥሳት አልነበረም።

አሥር ሰዓት ሲሆን ሁሉም በስብሰባ አዳራሹ ተሰበሰቡ። አለቃዋ ሰዓቱን እያየ መጣ። እማማን ሁለት ፖሊሶች ደግፈው አስገቧቸውና ከበሩ አጠገብ አስቀመጧቸው። ከማዕከሉ ሰዎች አንድም ወንበር የለቀቀላቸው፣ ሰላም ያላቸውም አልነበረም።

«ብልቃጡ ውስጥ ሃያ ሁለት ፍሬ ተገኝቷል» አለች መርማሪዋ። «ሁላችሁንም ስንት ይቀራል ብዬ ጠይቄ ነበር። ባለቤታቸው ‹እንደነበረ ነው› አሉ። ፋርማሲስቱ ‹ሙሉ ነው ማለት ይቻላል› አለ። እማማ ባለፈው ሳምንት እስከ አፉ ሙሉ ነበር፣ ትናንት ግን ቀለለኝ አሉ። ፕሮፌሰሩ መድኃኒቱን የሚውጡት ለካሜራ ነበርና ሦስቱም ልክ ናቸው። እንግዲህ ብልቃጡ ውስጥ ሃምሳ ምናምን ፍሬ መኖር ሲገባው ሃያ ሁለት የተገኘው ለምንድን ነው?»

«ሴትዮዋ አፍስሳው ይሆናላ» አለ አለቃዋ።

«እማማ ሊገድሉ ቢፈልጉ ሙሉውን ብልቃጥ በሌላ ሙሉ ብልቃጥ ይለውጡት ነበር፤ ሙሉ መሆኑን ያውቃሉ። ባለቤታቸውም፣ ፋርማሲስቱም እንደዚያው። መርዙን ያዘጋጀው ሰው ግን ሃያ አራት ፍሬ አስልቶ ሞላ፤ ሟች ሁለቱን ሲውጡ ሃያ ሁለት እንዲቀር። ሃያ አራት ከየት መጣ? ከቅጹ። ሟች በየቀኑ እየዋሹ ምልክት ካደረጉበት ቅጽ። በዚህ ቤት ያን ቅጽ ያመነ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ‹ሃያ ሁለት› ብሎ በኩራት መለሰልኝ።»

ምክትሉ መነጽሩን አወለቀ። «ሒሳብ ማወቅ ወንጀል አይደለም።»

«አይደለም። ሰውየውን አራት ዓመት አብረኸው እየሠራህ አንድ ቀን ቀና ብለህ አለማየትህም ወንጀል አይደለም፤ ነውር እንጂ። ያዘጋጀኸውን ብልቃጥ ትናንት ጠዋት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠህ የነበረውን አነሳህ። ከፍተህ ብታየው ኖሮ ትነቃ ነበር። አንተ ግን ወረቀቱ ነግሮሃልና ማየት አላስፈለገህም። እኔን ያስቸገረኝ ያነሳኸውን የት አደረግኸው የሚለው ነው። ሌላ ሰው ቢሆን መንገድ ላይ ይጥለዋል።» ወደ ፋርማሲስቱ ዞረች። «የተመላሾቹን ብልቃጦች ቁም ሣጥን ይክፈቱ።»

ፋርማሲስቱ ቁልፉን ይዞ ከአንድ ፖሊስ ጋር ሄደ። ከሩብ ሰዓት በኋላ የፕሮፌሰሩን ቁጥር የያዘ፣ ጠረጴዛው ላይ ከተገኘው ጋር መንታ የሆነ ብልቃጥ ይዞ መጣ። ጓንት አድርጎ ጨርቅ ላይ ገለበጠውና ቆጠረ። ሃምሳ አራት ነበር።

«አሻራውን ላቦራቶሪ ያየዋል» አለች መርማሪዋ።

ምክትሉ ጨርቁ ላይ የፈሰሱትን ፍሬዎች ትክ ብሎ አያቸው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ቅጹን አምኖ እንደነበር ከፊቱ ይነበባል። «ዋሽቷል» አለ በመጨረሻ፣ የተበደለ ሰው ድምፅ ነበረው። «አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ቅጽ ላይ ዋሽቷል።»

«አንተስ ብልቃጡን ለምን አልጣልከውም?»

«አይቻልም። ደንቡ ከቤቱ እንዳይወጣ ይከለክላል።»

«ሰው መግደልን የሚከለክለው ደንብስ?»

 ምክትሉ ሆድ ያባውን አወጣው። አራት ዓመት የሠራው እሱ፣ የጻፈው እሱ፣ በቴሌቪዥን የሚታዩት እሳቸው፤ በስተመጨረሻ ደግሞ ፊደል ከማትቆጥር ሴት በታች ሦስተኛ። እሳቸው ቢሞቱ፣ እሷም ብትታሰር አንደኛ የሚሆነው እሱ ነው። ይህን ሁሉ ሲናገር ድምፁ አንድ ጊዜ እንኳ አልተሰበረም። መርማሪዋ ብዙ ነፍሰ ገዳይ አይታለች፤ በቅናት የታወሩ፣ በረሃብ የከፉ። እንዲህ ያለ ትንሽ ሰው ግን አላጋጠማትም፤ ናቀችው፣ ንቀቷንም አልደበቀችም።

ፖሊሶቹ እጁን ሲያስሩት ወደ እሷ ዞረ። «ጽሑፉ ግን ይወጣል አይደል? ስሜ አይሰረዝም?»

«እሱን አላውቅም» አለች መርማሪዋ። «ክሱ ላይ ግን አንደኛ ነህ። ሁለተኛም፣ ሦስተኛም የለም።»

ሲያስወጡት የሟች ባለቤት ያንን ትልቅ ፎቶግራፍ ማን እንደሚያወርደው ፋርማሲስቱን ጠየቁ። ይቅርታ የሚል ቃል ከማናቸውም አፍ አልወጣም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ አለቃዋ ብቻ ጉሮሮውን ጠርጎ ወደ እማማ ቀረበ።

«እናቴ፣ በመኪና እናድርስዎ።»

እማማ ሻርፓቸውን አስተካክለው ተነሡ። ጉልበታቸው እንደ ሕመምተኞቻቸው ነው፤ በመርማሪዋ ክንድ ተደግፈው እስከ በሩ ሄዱና ለቀቋት።

«በመኪናማ ትናንት ወሰዳችሁኝ» አሉ። «ሰፈሩ ሁሉ ቆሞ አየኝ። አሁን በእግሬ ስመለስ ደግሞ ይየኝ።»

ደረጃውን አንድ በአንድ ወርደው መንገዱን ያዙ።