በሂዮርዲስ ስም የተሸጠው ሁሉ

ሂዮርዲስ ቫሊን ከወለሉ ሥር ባለው የድንች ጓዳዋ ደረጃ ግርጌ፣ የቀለጠው በረዶ ባቆረው ውሃ ውስጥ በግንባሯ ተደፍታ ሞታ ተገኘች። ቅዳሜ ረፋድ ነበር። ለፖሊስ የደወለው ልጇ ኢንገማር ነው። የመንደሩ ፖሊስ ሮጀር ደርሶ ወደ ታች አየ፤ ከዚያ ቀና ብሎ ፎቅ ላይ ተኝታ የነበረችውን የልጅ ልጇን ቱቫን አየ። ቱቫ የኢንገማር ልጅ ናት፤ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በዚያ ቤት ከአያቷ ጋር የምትኖረው እሷ ብቻ ነበረች፤ ዓርብ ማታ ደግሞ ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ ተጣልተው ነበር።

ሐኪሙ አደጋ አይደለም አለ። «ያዳለጠው ሰው በየደረጃው እየተንከባለለ ይወርዳል። ይቺ ግን አንዱንም ደረጃ ሳትነካ ነው ታች የደረሰችው። ከኋላዋ ተገፍታለች።»

ሮጀር ሌላ ማስረጃ አልፈለገም። ልጅቱን ማምሻውን ወደ ከተማ ወስዶ ሊያሳስራት ወሰነ። በዚያ ዕድሜ የታሰረ ሰው ነጻ ቢወጣ እንኳ ስሙ እንደማይጸዳለት፣ በትንሽ መንደር የኖረ ሁሉ ያውቀዋል።

ከከተማ የተላከችው ኢንስፔክተር ቪቬካ ሩት ከምሳ በኋላ ደረሰች። ድምጿን ከፍ የማታደርግ፣ ሰው ሲያወራ እግር እግሩን የምታይ ሴት ናት። መጀመሪያ የሄደችው ወደ ሟቿ ጎረቤት ወደ ማይብሪት ነበር።

ማይብሪት ነገሩን ከሥሩ አወራቻት። ሂዮርዲስ ከአሮጌ ጨርቅ ምንጣፍ እየሸመነች በኢንተርኔት ገበያ ትሸጥ ነበር። ገበያው ሲቀናት ሌሎቹም ተጠጓት። ማይብሪት የራሷን ምንጣፎች፣ ቱቫ የሰፋቻቸውን ቦርሳዎች፣ ኢንገማር ደግሞ ከየሰዉ በርካሽ ገዝቶ የሚጠግናቸውን የሞተር መጋዞች ያመጡላት ጀመር። ሁሉም በሂዮርዲስ ስም ይሸጣል፤ ለየባለቤቱ በእጁ ይከፈላል። ትንሽ ገንዘብ ናት ብሎ ለግብር መሥሪያ ቤቱ ያሳወቀ ማንም የለም። ዘንድሮ ግን ገበያው ራሱ የሻጮቹን የገቢ መረጃ ለመሥሪያ ቤቱ ማስተላለፉን ሰሙ። ዓርብ እራት ላይ ሂዮርዲስ ሹካዋን አስቀምጣ፣ እሁድ ሁሉን ነገር፣ ከነባለቤቱ ስም፣ አሳውቃለሁ አለች።

«ስትናገር ደስ እያላት ነበር» አለች ማይብሪት። «የእኔ የቤት ኪራይ ድጎማ ሊነካ ነው። የልጅቱ የተማሪ ድጎማ ሊነካ ነው። ኢንገማር ደግሞ ወገቤ አልቋል ብሎ የሕመም አበል የሚበላ ሰው ነው፤ መጋዝ ሲሸከም መኖሩ ሊታወቅ ነው። እሷ ተራ በተራ እያየችን ድንቿን ትበላለች።»

«ዛሬ ጠዋትስ አንቺ የት ነበርሽ?»

«መስኮቴ ላይ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ሌላ ሥራ አለኝ እንዴ?»

ዕቃ አጥባ ወደ መስኮቱ ስትመለስ የኢንገማር መኪና ሂዮርዲስ ግቢ ውስጥ ቆሞ አየች፤ ሲገባ ግን አላየችውም። ሌላ የመጣ ሰው የለም።

ቱቫ ወጥ ቤት ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። አያቷን «የመንግሥት ውሻ» ብላ መስደቧን አልካደችም። ጠዋት ጆሮዋን ደፍና ተኝታ ነበር፤ የቀሰቀሳት የሮጀር ጩኸት ነው።

«ከጠቡ በኋላ ከአያትሽ ጋር ተነጋገራችሁ?» ስትል ቪቬካ ጠየቀቻት።

«ትንሽ።»

«ምን አለችሽ?»

ልጅቱ ፊቷን አዞረች። «እሱን አልናገርም።»

ይህ ዝምታ እስር ቤት ሊያደርሳት እንደሚችል ቪቬካ በግልጽ ነገረቻት። ቱቫ ከንፈሯን ነክሳ ጉልበቷን ይበልጥ አቀፈች።

ኢንገማር በበኩሉ ቃሉን ሳያዛንፍ ሰጠ። የማገዶ እንጨት ሊያደርስ መጣ፤ በሩን ከፈተ፤ ገና ከደፉ ላይ ሳለ የጓዳው በር ክፍት ሆኖ የእናቱ እግር ከታች ታየው። ሮጦ ወረደ፣ አጠገቧ ተንበርክኮ አንገቷን ዳሰሰ፣ መሞቷን ሲያውቅ ወጥቶ ደወለ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው ጨመረ።

«ቱቫ ልጄ ናት። ግን ስትናደድ የምትሆነውን እኔ አባቷ አውቃለሁ። እንግዲህ ሕግ ሕግ ነው።»

ቪቬካ ወጥታ ሮጀርን በረንዳው ላይ አገኘችው።

«ስትደርስ ኢንገማር እግሩ ላይ ምን ነበረው?»

«የሱፍ ካልሲ።»

«ቦቲውስ?»

«ጫማ ማስቀመጫው ላይ ነዋ፣ ከእኔ ጫማ ጋር ጎን ለጎን።»

«አንተም አውልቀህ ነው የገባኸው? ሬሳ ወዳለበት ቤት?»

ሮጀር ቀላ። «ጭቃ እኮ ነው ውጪው። ሂዮርዲስ ወለሏን በጫማ ማስረገጥ ...» አለና ቃሉን ሳይጨርስ ተወው። ከዚያ ኢንገማርን ወደ ውጭ ሲያወጣው ያጋጠመውን ነገራት፤ ሰውየው የቦቲውን የሱፍ ገበር ከማሞቂያው ላይ አንስቶ መልሶ እስኪከት ድረስ ቆሞ ጠብቆታል። ካልሲው እርጥብ ነበር ወይ ብላ ስትጠይቀው አሰበ፤ አልነበረም፤ በዚያ በሚያብረቀርቅ የእንጨት ወለል ላይ ምንም የእግር ፈለግ አላየም።

ማምሻውን ቪቬካ ሦስቱንም መሸመኛው ባለበት ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሮጀር በሩ ላይ ቆመ። ቱቫ ካፖርቷን ለብሳለች፤ ልትወሰድ እንደሆነ ታውቃለች።

«ሦስታችሁም ምክንያት አላችሁ» አለች ቪቬካ። «ስለዚህ ምክንያቱን ትቼ እግራችሁን ልከተል። ኢንገማር፣ እናትህን ያየሃት ከደፉ ላይ ሆነህ ነው ብለሃል።»

«አዎ።»

«ከዚያ ሮጥክ።»

«ሮጥኩ አልኩሽ እኮ።»

«እናቱን ወድቃ ያየ ሰው እስከ ቅልጥሙ የታሰረ ቦቲ ፈትቶ፣ በሥርዓት ደርድሮ፣ ገበሩን አውጥቶ ማሞቂያ ላይ አያሰጣም። ያን የሚያደርገው ተቀምጦ ሊያወራ የመጣ ሰው ነው። ስትገባ እናትህ በሕይወት ነበረች።»

ኢንገማር ሳቅ አለ። «በኋላ ይሆናላ ያወለቅኩት። ደንግጬ ማን ያስታውሳል?»

«በጭቃ ቦቲ ሮጠህ ቢሆን ኖሮ ከበሩ እስከ ጓዳው ወለሉ ይመሰክር ነበር። አንዲት ጠብታ የለም፤ ወለሉን የወለወለም የለም። በካልሲ ወርደህ ተንበርክከህ ቢሆን ደግሞ ካልሲህም ሱሪህም ይርሱ ነበር፤ እሷ የተኛችው ውሃ ውስጥ ነው። ሮጀር ያገኘህ ደረቅ ሆነህ ነው። ፈጽሞ አልወረድክም። አንገቷን ሳትዳስስ መሞቷን አወቅክ፤ ወይም ትሙት አትሙት ግድ አልሰጠህም።»

ኢንገማር እግሩን ወደ ወንበሩ ሥር ሳበ።

«ሄደህ እንዳትጠፋ» ቀጠለች ቪቬካ፣ «መኪናህ ማይብሪት መስኮት ፊት ለፊት ቆሟል። ስለዚህ አስከሬኗን ያገኘ ሰው ሆነህ ቀረብክ። ፎቅ ላይ ደግሞ ማታ የተጣላች ልጅ ተኝታልሃለች።»

ማይብሪት አጉተመተመች፦ «የገዛ ልጁን! ለዚያች ለማትረባ አበል።»

«ለአንቺ የማትረባ ናት!» ኢንገማር ተነሣ። «እሷን ነው የምበላው። ለመንኳት፤ እማዬ፣ የእኔን ስም ብቻ ተዪው አልኳት። ድንች ላወጣ ነው ብላ ተነሣች። ጀርባዋን ሰጥታኝ እየሳቀች ነበር። እየሳቀች።»

ቱቫ ቀና አለች። ድምጿ ቀጭን ነበር።

«ስምህን ልትጽፍ አልነበረም።»

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ።

«ማታ አልጋዬ ላይ መጥታ ተቀመጠች። ሁሉንም የራሴ ብዬ ነው የማሳውቀው፤ ግብሩንም እኔ እከፍላለሁ፤ ማንንም አልነካም አለችኝ። ግን እሁድ ድረስ ትንሽ ይጨነቁ፤ በተለይ አባትሽ፤ አንድም ቀን አመስግኖኝ አያውቅም አለች። ሁለታችንም ሳቅን።»

«አንቺ ታውቂ ነበር?» አለ ኢንገማር። «አንድ ስልክ ብትደውዪልኝ ኖሮ ...»

«ልደውልልህ ስልኬን አንስቼ ነበር። ከዚያ ይጨነቅ አልኩና አስቀመጥኩት። ለዚህ ነው ያልተናገርኩት።»

 ሮጀር ኢንገማርን ክንዱን ይዞ ሲያስወጣው፣ አባትየው እንደገና ወደ ልጁ ዞረ፤ ምናልባት ይቅርታ ሊል ነበር፤ ያለው ግን «እንግዲህ አብረን ነው የገደልናት» ነበር።

ቪቬካ በሩን ዘጋችበት። ከዚያ ቱቫን ካፖርትሽን አውልቂ፣ የትም አትሄጂም አለቻት። ልጅቱ አላወለቀችም። የመኪናው ድምፅ ከጠፋ በኋላም፣ ማይብሪት እኔ ዘንድ እደሪ ብላ ብትለምናትም፣ ካፖርቷን እስከ አንገቷ እንደቆለፈች እዚያው ተቀምጣ ቀረች።