ለስላሳ ጣቶች

ቲሊ ሁለት ኩባያ ሻይ ይዛ ከኋለኛው ክፍል በር ላይ ቆማለች። ገፍታ ልትገባ ነበር፤ ግን ከውስጥ አባቷ ሲስቅ ሰማችና እግሯ እምቢ አላት።

ኔቪል ክሮዘር ቤት ውስጥ ብዙ የሚስቅ ሰው አይደለም። እራት ላይ ከሚናገራቸው ቃላት የሚበዙት «ጨው አቀብዪኝ» እና «ትምህርት እንዴት ነበር?» ናቸው። አሁን ግን በወጣትነቱ ቤልጅየም ውስጥ በረዶ ላይ ስለቆመችባቸው መኪና፣ ሊያስነሷት ሲገፉም የባንዱ ከበሮ መቺ ቦይ ውስጥ ስለመግባቱ እያወራ ነው። ቲሊ በአሥራ አራት ዓመቷ ይህን ታሪክ አንድም ቀን አልሰማችውም። የሚነገረው ደግሞ ለሳሚና ነው።

ሳሚና የቲሊ የቅርብ ጓደኛ ናት። መጀመሪያ እዚህ ቤት የመጣችው ለሳይንስ የቤት ሥራ ነበር። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ቀለሙ የተላላጠ ቤዝ ጊታር ስታይ ግን የቤት ሥራውን ረሳችው።

«ቆይ፣ አባትሽ ኔቭ ክሮዘር ነው? የባዶ ሐዲዱ ኔቭ ክሮዘር? ይሄን ሁሉ ጊዜ ደብቀሽኝ ነው?»

ቲሊ አልደበቀችም፤ የሚነገር ነገር አልመሰላትም እንጂ። ባዶ ሐዲድ እሷ ከመወለዷ ብዙ ዓመት በፊት እዚሁ ሊድስ ከተማ የተቋቋመ ባንድ ነው። ፐንክ የሚባለው ሙዚቃ ጮሆ ጮሆ ሲደክመው ከተነሡት፣ ሙዚቃቸው ጨለም ቀዝቀዝ ያለ ባንዶች አንዱ ነበር። ጊታሩ ጥግ ይዞ ሲያንሾካሹክ ዘፈኑን ተሸክሞ የሚሄደው የኔቭ ቤዝ ነው። ሰው ከኮንሰርት ሲወጣ የሚያንጎራጉረው የዘፋኙን ዜማ ሳይሆን የቤዙን ነበር ይባላል። ለቲሊ ግን ይህ የአባቷ ሥራ ነው፤ የጎረቤታቸው አባት አውቶቡስ እንደሚነዳው ሁሉ።

ከዚያ ወዲህ ሳሚና ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። ወደ ቲሊ ክፍል ግን አትወጣም፤ በቀጥታ ወደ ኋለኛው ክፍል ነው የምትሄደው። የምትማርባት ትንሿ ቤዝ የቲሊ ነበረች። ቲሊ ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ አባቷ ገዝቶላት፣ ወፍራሞቹ ክሮች ጣቷን ቢያሳምሟት «ዋና ይሻለኛል» ብላ ተወቻት። አባቷ አልተቆጣም፤ ለምን ብሎም አልጠየቃት። ቤዟን ቦርሳዋ ውስጥ ከትቶ ቁም ሣጥን ላይ አስቀመጣት። ቲሊን እስከ ዛሬ የሚያንገበግባት ይሄ ነው። ትንሽ ቢለምናት ኖሮ ትቀጥል ነበር።

በሩን በክርኗ ገፋችው። ሳሚና ፊቷ ቀልቶ፣ ፀጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ ቤዟን ታቅፋለች።

«ቲል፣ ነይ ይቺን ስሚ። አንክል ኔቭ አሁን አሳዩኝ፤ አቦ ላብድ ነው።»

«ይቺ ልጅ ጆሮ አላት» አለ አባቷ፤ ለቲሊ ይሁን ለራሱ አይታወቅም።

«ሻዩ ይቀዘቅዛል» አለች ቲሊ። ኩባያዎቹን አስቀምጣ ወጣች።

በጸደዩ ባንዱ ከብዙ ዓመት በኋላ በገዛ ከተማው ሊጫወት ነው ተባለ። ትኬቱ ገና ወጣ ሲባል አለቀ። ሳሚና ስልኳን ይዛ ስትጠብቅ ውላ ሳታገኝ ቀረች፤ በማግስቱ ትምህርት ቤት ምሳዋን አልበላችም። ቲሊ «አይዞሽ» ብላ አቀፈቻት። በሆዷ ግን ደስ አላት፤ በመደሰቷም አፈረች።

ኮንሰርቱ ሲቃረብ አንድ ማታ አባቷ ሰሐን እያደራረቀ ያልጠበቀችውን ነገር ተናገረ። ከሰዓት በኋላ የድምፅ ሙከራ ስላለ ሳሚና ትምጣ አለ። መድረክ ላይ ወጥታ የእሱን ቤዝ ትጫወት፤ እሱ ወርዶ ሰዉ በሚቆምበት ሆኖ ድምፁን ይስማ። ከዚያም ከመጋረጃው ጎን ቆማ ኮንሰርቱን ትመልከት። የልጅቷ ስልክ ቁጥር ስለሌለው ቲሊ እንድትነግርለት ጠየቃት።

ቲሊ እሺ አለች። አልጋዋ ላይ ተጋድማ መልእክቱን ጻፈችና አጠፋችው። ደግማ ጻፈች፤ ደግማ አጠፋች። አባቷ ለእሷ «መድረክ ላይ ውጪ» ብሏት አያውቅም። በነጋታው ቁርስ ላይ ሳሚና ምን እንዳለች ሲጠይቃት፣ ቲሊ ቀና ብላ ሳታየው «አልቻለችም፤ ፈተና አለባት» አለችው።

«ያሳዝናል» አለ አባቷ። ዳቦው ላይ ቅቤ መቀባቱን ተወ። ያ ኀዘን ለሳሚና መሆኑ ቲሊን ይበልጥ አበሳጫት።

በኮንሰርቱ ቀን ቲሊ ከአባቷ ጋር ሄደች። እሱ ዕቃውን ሲያወጣ እሷ የተጠበሰ ድንች ልትገዛለት ወጣች። በሩ እስኪከፈት ገና ብዙ ቢቀረውም ከአዳራሹ ፊት ለፊት ሰልፍ ተይዟል። ፀጉራቸው የሸበተ፣ ጥቁር ካፖርት የለበሱ ሰዎች በካፊያው ውስጥ ቆመዋል። አንዲት አጠር ያለች ሴትዮ በቲሊ አንገት ላይ የተንጠለጠለውን የመግቢያ ካርድ አነበበችና ዓይኗ ፈጠጠ።

«ክሮዘር? ልጁ ነሽ እንዳትዪኝ።»

ሴትዮዋ ሞራግ ትባላለች፤ ከግላስጎው በባቡር ነው የመጣችው። ከጎኗ ያለው ጺማሙ ሰውዬ ወንድሟ ነው። ልጅ ሳሉ እናታቸው በታመመች ክረምት ማታ ማታ ሁለቱ አንድ የባዶ ሐዲድ ካሴት ብቻ ይሰሙ እንደነበር ነገረቻት። ስለ ቤዙ ስታወራ ስለ ዘመድ የምታወራ ይመስል ነበር።

«ያን ጊዜ አባትሽ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ አይጫወትም» አለች ሞራግ። «ዓይን አፋር ነበር። እኛ የምናውቀው ጀርባውን ነው።»

ቲሊ እሷም አዘውትራ የምታየው ጀርባውን እንደሆነ አሰበች፤ ሰሐን ሲያጥብ፣ ከክፍሉ በር ማዶ አጎንብሶ ሲጫወት። እነዚህ ሰዎች ግን በዚያ ጀርባ አርባ ዓመት ኖረውበታል። የእሷ የሆነውን ነገር ሳያስፈቅዷት የተካፈሉት መሰላት።

«ቤት ውስጥ እንዴት ነው? እኛ እኮ እንቀናብሻለን» አለ ወንድምየው።

ቲሊ ዳቦ እንደሚያሳርር ነገረቻቸው። መኪና ሲነዳ በጣቱ መሪውን እንደሚመታም ጨመረች። እንደ ትልቅ ነገር ሰሟት፤ ከኋላ ያሉትም ጆሯቸውን ጣሉ። ደስ ስላላት ሳይታወቃት አለፍ አደረገችው።

«ቤዝ የሚያስተምረኝ እሱ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ።»

ሞራግ ፊቷ በራ። እሷም ቤዝ የጀመረችው በኔቭ ምክንያት መሆኑን እየተናገረች የቲሊን ግራ እጅ በሁለት እጇ ያዘችና ጣቶቿን ገለበጠቻቸው። የሞራግ የጣት ጫፎች የቤዝ ክር ሲጫኑ ኖረው እንደ ጫማ ቆዳ ደንድነዋል። የቲሊ ለስላሳ ናቸው። ሞራግ በአውራ ጣቷ አንድ ጊዜ ዳሰሰቻቸው። ቀና ብላ ቲሊን አየቻት። እጇን ቀስ አድርጋ መለሰችላትና ለሌሎቹ እንዳይሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ድንቹ ይቀዘቅዝብሻል፣ የኔ ቆንጆ» አለቻት።

ቲሊ ወደ አዳራሹ ስትመለስ ጆሮዋ ድረስ ቀልታ ነበር። ሞራግ ብትሰድባት ይሻላት ነበር።

ውስጥ የድምፅ ባለሙያው የአባቷን ቤዝ አንግቶ መድረክ ላይ ይታገላል። አባቷ ባዶው ወለል መሃል ቆሞ ይሰማል፤ ራሱን ይነቀንቃል። «እንደገና» ይላል፤ አሁንም «እንደገና»። ቲሊ ድንቹን ወንበር ላይ አስቀምጣ በጎን በር ወጣች፤ ሳሚና ጋ ደወለች።

«አባቴ ዛሬ ፈልጎሽ ነበር» አለቻት። «ለድምፅ ሙከራው። መድረክ ላይ እንድትጫወቺ። ንገሪያት ብሎኝ አልነገርኩሽም።»

በስልኩ ውስጥ የሳሚና ታናሽ ወንድም ሲጮህ ይሰማል። ከዚያ በር ተዘጋ፤ ጸጥ አለ።

«ለምን?» አለች ሳሚና።

«እንጃ።»

«ታውቂዋለሽ፣ ቲል።»

ካፊያው አሁንም አላቆመም። «ቀንቼ ነው» አለች ቲሊ። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ከጠበቀችው በላይ አጭር ነበር።

ሳሚና ስትናገር ድምፅዋ የወትሮው አልነበረም። «አሁን ምንም አትበዪኝ። ሙከራው አላለቀም?»

«አላለቀም።»

«የቱ በር ነው?»

ቲሊ ነገረቻት። ስልኩ ያለ ደህና ሁኚ ተዘጋ። ሳሚና ይቅር ትበላት አትበላት አልታወቃትም፤ እንደዚህ ተነጋግረው አያውቁም።

ወደ ውስጥ ተመለሰች። አባቷ እዚያው ቆሟል። በግራው በኩል ተጠግታ፣ ወደ መድረኩ እያየች ተናገረች።

«ሳሚና እየመጣች ነው። ፈተና የለባትም፤ ዋሽቼህ ነው።»

አባቷ ዓይኑን ከመድረኩ ሳያነሣ «ምን አልሽ?» አለ።

ግራ ጆሮው ከትልልቅ ስፒከሮች ጎን ሲቆም ኖሮ ደክሟል፤ እንዲህ ድምፅ ባለበት በዚያ በኩል የሚነገረው አይደርሰውም። «ምንም» ብትለው ያልፋል። ሳሚና ስትገባም «ፈተናው ቀረላት» ቢባል አባቷ ከመደሰት በቀር አይጠይቅም። ሳሚናም ብትናደድ እንኳ ሰው ፊት የምታዋርዳት ልጅ አይደለችም።

የድምፅ ባለሙያው መጫወቱን አቁሞ ክሩን ሊያስተካክል ጎንበስ አለ። አዳራሹ ጸጥ አለ።

ቲሊ በአባቷ ኋላ ዞራ በቀኙ፣ ደህና በሚሰማው ጆሮው በኩል ቆመች።

«አባ፣» አለችው፤ «እየኝ እስቲ።»

አባቷ ፊቱን ወደ እሷ አዞረ።