ሮዴል የላከው አጠራጣሪ መልእክት

ጆናሊን መልእክቱን ደጋግማ አነበበችው፤ ባነበበችው ቁጥር ይበልጥ ግራ ገባት።

«ጆና፣ ቅዳሜ አባቴንና እናቴን ይዤ እናትሽ ዘንድ ልመጣ ነው። የመርከቡ ቲኬት የሚቆረጠው ዛሬ ስለሆነ ከሥራ ሳትወጪ መልሽልኝ። ለማንም አትንገሪ። ሮዴል።»

እነሱ በሚኖሩባት በሴቡ ከተማ ወላጆቹን አስከትሎ ሴት ቤት የሚሄድ ወንድ ለቀልድ አይሄድም። ልቧ ዘለለ። ወዲያው ደግሞ ቀዘቀዘ። የሚያጣድፍ፣ ልብ የሚነካ፣ ምስጢር አድርጊው የሚል፤ ሮዴል ራሱ ሠራተኛውን ሰብስቦ «እነዚህን ካያችሁ አጭበርባሪ ነው» የሚላቸው ምልክቶች በሙሉ በዚህች መልእክት ውስጥ ነበሩ።

ሮዴል የኢንሹራንስ ድርጅታቸውን ኮምፒውተሮች ከአጭበርባሪ የሚጠብቅ ሰው ነው። የሐሰት መልእክት እየላከም ማን እንደሚታለል ይፈትናል። አውሎ ነፋስ ማዶ ደሴት ላይ ያለውን የጆናሊንን እናት ቤት ጣሪያ በወሰደ ሰሞን «ለተጎጂ ቤተሰቦች እርዳታ፤ እዚህ ይጫኑ» የሚል መልእክት መጣ። ተጫነች። «ተታልለዋል!» የሚል ቀይ ጽሑፍ ወጣ።

ይህ ማንን ይጠብቃል? የሰውን መከራ መንጠቆ ላይ ሰክቶ የሰውን ልጅ ማጥመድ ሌባም የሚያፍርበት ሥራ ነው!

ያኔ ለብዙ ጊዜ ዘጋችው። እሱ ግን በየምሳው ፊት ለፊቷ እየተቀመጠ፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ደረቅ ማንጎ ያስጠጋላት ነበር። ያ ዝምታ ነው ያስታረቃቸው።

«ይሄ ሰው ዛሬም እየፈተነኝ ይሆን?» አለቻት አጠገቧ ለምትሠራው ለግሬታ።

«ካልፈተነሽማ አገባሽ!» ሳቀች ግሬታ። «ለማንም አትንገሪ አይደል የሚለው? በይ እኔ አልሰማሁም።»

ጆናሊን ከመልእክቱ ሥር ያለውን «አጠራጣሪ» የሚል የመጠቆሚያ ቁልፍ ተጫነች። ከተጫነችው በኋላ ነው ትዝ ያላት፤ ጥቆማው የሚደርሰው ለራሱ ለሮዴል ነው።

መልእክቱ እውነት ከሆነ አዋረደችው። ሐሰት ከሆነስ ለምን እንደወትሮው «ጎበዝ» አይላትም? ከሮዴል ትምህርት ሁሉ አንዲት ነገር ብቻ ቀረቻት፦ ከተጠራጠራችሁ መልስ አትጻፉ፤ ሰውየውን ራሱን ሄዳችሁ ጠይቁ።

ደረጃውን ወጣች። ሮዴል ኮምፒውተሩ ላይ አፍጥጧል።

«አንተ ነህ የላክኸው?»

«እኔ ነኝ። አጠራጣሪ አልሺኝ።»

«ለማንም አትንገሪ ማለት ምንድን ነው?»

«ግሬታ እንዳትሰማ ብዬ ነዋ!»

«ሰምታለች።» ልትስቅ ነበር፤ አልሳቀችም። «የአውሎ ነፋሱንስ ማን ጻፈው?»

«አለቃዬ አዞኝ ነው» እንዲላት ተመኘች። ሮዴል ዓይኑን ከዓይኗ አልነቀለም።

«እሱንም እኔ። ማንም አላዘዘኝም። ብዙ ሰው ሲጫነው ኮርቼ ነበር፤ አንቺን ሳይ ነው ያፈርኩት።»

«እናቴ ፊት ትደግመዋለህ?»

«የቱን?»

«ሁለቱንም።»

ቅዳሜ፣ በአዲሱ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ሮዴል መጀመሪያ ጥፋቱን ተናገረ፤ ከዚያ ጆናሊንን እንዲድሩለት እናቷን ጠየቀ። እናቱ መሬት መሬቱን አዩ። የጆናሊን እናት ፊታቸው ጠቆረ።

«ሌባ መምሰል ትችልበታለህ ማለት ነው?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ታዲያ አንቺ፣ እውነቱን መሆኑን በምን ታውቂያለሽ?»

«ስጠይቀው አይዋሸኝም፣ እማዬ» አለች ጆናሊን፤ ወንበሯንም ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።